የተገዘተው ስልክ

ከእንጨት የተሠራ ሳጥን አለኝ። ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር ስዳር እናቴ የሰጠችኝ ነው። የቤቱን ካርታ፣ የሟች ባሌን ፎቶግራፍ፣ ለጥምቀት የምለብሰውን ቀሚስና ለሞቴ ቀን ያስቀመጥሁትን አቡጀዲ እዚያ ውስጥ ነው የማኖር። ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። ባለፈው ዓመት ከጥቅምት እኩሌታ ጀምሮ እስከ ኅዳር ሃያ ድረስ የልጄ ስልክ እዚያ ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ አቡጀዲው ላይ ከረመ። ያስቀመጥሁትም እኔ ነኝ፤ የቆለፍሁበትም እኔ ነኝ።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርሁ። ፊደል ለይቼ አነባለሁ፤ ፈጥኜ ግን አይደለም። የራሴ ስልክ ትንሽ፣ ባለ ቁልፍ ናት። ስትጠራ አነሣለሁ፤ ልጆቼ ካሳዩኝ ሁለት ቁጥሮች በቀር ደውዬ አላውቅም።

ባሌ ሲሞት ሁለት ልጆች ትቶልኛል። ሴቷ ትልቅ ናት፤ ወንዱ በሁለት ዓመት ያንሳታል። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ ለመንደሩ በመሸጥ፣ ከግቢዬ ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል በማከራየት አሳደግኋቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት የምፈራው ረኃብን አልነበረም፤ አንድ ስድብ ነበር። አባት የሌለውን ልጅ "ሴት ያሳደገው" ይሉታል። ወንድ ልጅ ሲባል ይደባደብበታል፣ ወይም ይስቅና ያልፈዋል። ሴት ልጅ ላይ ከተለጠፈ ግን እስከ ትዳሯ ይከተላታል። እኔም ይህ ስድብ ልጄን እንዳያገኛት ብዬ ቀሚሷ ስንት ጣት ከቁርጭምጭሚቷ እንደሚርቅ፣ ከትምህርት ቤት በስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ በመንገድ ማን ሰላም እንዳላት ሳይቀር አውቅ ነበር።

ለወንዱ ስልክ የገዛሁለት ስምንተኛ ክፍልን ሲያልፍ ነው። እሱ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ከጓደኞቹ እንዳያንስ ብዬ ነው። ሴቷ ግን ኮሌጅ ገብታ፣ የሰው ልጅ እያስጠናች ባገኘችው ገንዘብ ራሷ ገዛች። እራት ላይ ወንዱ ስልኩን እያየ ሲስቅ "ምን አየህ ልጄ?" ብዬ አብሬው እስቃለሁ። ሴቷ ስትስቅ "ማነው እሱ?" እላለሁ። ይህን ያኔ አላየሁትም። አሁን ስጽፈው ነው የሚታየኝ።

በዚያ ዓመት ክረምት መጨረሻ ላይ የኋላዋን ክፍል ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ተከራዩኝ። የአገሬ ልጆች ናቸው፣ ከጃናሞራ። እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዓይነ አፋርና ሸጋ ሴት ናት። ባሏ መስቀል እንዳለፈ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። ስልክ አንድ ነበራቸው፤ እሱ ይዞት ሄደ።

"ለአንቺ አይተውልሽም ነበር?" አልኋት አንድ ቀን፤ እንዲሁ ለወግ ያህል።

"እኔን ማን ይፈልገኛል እትዬ? ሰው የሚያገኝ እሱ ነው" አለችኝ።

ትክክል መሰለኝ። እኛ አገር በሬውም ስልኩም ከወንዱ ጋራ ነው የሚሄደው።

አንድ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ሄጄ መብራት ጠፋና በርበሬዬን እንዳለ ተሸክሜ ተመለስሁ። ልጄ እንደዚያ ፈጥኜ እመለሳለሁ ብላ አልጠበቀችም። በሩ ላይ ስደርስ የወንድ ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ። "አንቺ ሸጋዬ" ይላል፤ "አንቺን ሳላይ እህል አልወርድልኝ አለ። ሲነጋ ፀሐዪቱን በአንቺ በኩል ወጣች እላታለሁ።" በሩን ገፋሁት። ልጄ ብቻዋን ነበረች። ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ፈገግ ብላለች። ስታየኝ ደንግጣ አጠፋችው።

"ማነው?"

"የተከራያችን ባል ነው እማ። ለእሷ የላከው ነው። ኔትወርክ ያለበት ሲወጣ ድምፁን ይልክልኛል፣ እኔ ጠርቼ አሰማታለሁ። የእሷንም ቀድቼ እልክለታለሁ።"

"የእሷ ከሆነ አንቺ ምን ትሰሚበታለሽ?"

"መድረሱን ለማየት ነበር እኮ! አሁን ልጠራት ስነሣ ነው የመጣሽ።"

"በነፍሰ ጡር አታመካኚ" አልኋት።

"ሂጂና ጠይቂያታ! አሥር እርምጃ ነው።"

እውነቷን ነው፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። አልሄድሁም። የልጄ ነገር ውሸት ሆኖ ቢገኝስ? "የሴት ልጄ ስልክ ውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማሁ" ብዬ በገዛ አፌ ለተከራዬ ነገርሁ ማለት ነው። ተከራዬ ውኃ ስትቀዳ ለሌላዋ ትነግራለች፣ ያቺ ለሌላዋ ትነግራለች። ስሟን ልጠብቅ ብዬ እውነቱን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ጥንቃቄ ነው ያልሁት። ሰው ሁሉ ጠንቃቃ እናት ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ፈንታ ወንድ ልጄን ጠራሁት። እሷ ልብስ ስታጥብ ስልኳን ሰጠሁትና "እስቲ እይልኝ" አልሁት።

"ተቆልፏል" አለ። "በጣት የሚሣል ምልክት አላት፣ አላውቀውም። ከላይ ከላዩ ግን ይታያል። አንድ ወንድ ነው፤ ሃያ ምናምን ጊዜ ልኮላታል።"

"ምን ይላል?"

"ድምፅ ነው፤ አይነበብም። ግን እማ፣ ሰውዬው ሃያ ጊዜ ስለ ፈተና ነው የሚያወራት?" ብሎ ሳቀ።

ይህን ሲለኝ የራሱ ስልክ አጠገቡ ካለው የመቀመጫ ዱካ ላይ ተደፍቶ ቲን፣ ቲን ይል ነበር። ማነው አላልሁትም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ልጄን ይዤ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ባሌንም እኔንም የዳሩን እሳቸው ናቸው። ነገሩን ለብቻዬ ቀርቤ በሹክሹክታ ነገርኋቸው።

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ?" አሉኝ።

"ይገዝቱልኝ አባ። ያን ስልክ እንዳትነካ።"

"ግዝት ለተጣላ ነው፣ ድንበር ለሚገፋ ነው። ለስልክ ሰምቼ አላውቅም" አሉኝ። "ወንዱስ? እሱም ስልክ የለውም?"

"እሱ ወንድ ነው አባ።"

መስቀላቸውን አነሡ። ከዚያ ልጄን ጠሯት። እሷን ግን ምንም አልጠየቋትም። በሥላሴ ስም ገዘቷት፤ እሳቸው እስኪፈቷት ድረስ ያን ስልክ በጣቷ እንዳትነካ። ልጄ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ ሰማች። መስቀሉን ተሳለመች። ቤት ስንደርስ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በዓይኗ አሳየችኝና "ይውሰዱት" አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንቺ ስትለኝ ኖራ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ትለኝ ጀመር። ሰው ቢሰማ የጨዋ ልጅ ናት የሚል ነው። እኔ ግን በጠራችኝ ቁጥር የሌላ ሰው ልጅ የጠራችኝ ይመስለኝ ነበር።

ግዝቱን እንደ ታቦት ጠበቀችው። የኮሌጅ ጓደኞቿ የትምህርቱን ወረቀት በስልክ ነበር የሚላላኩ። እሷ ግን ከትምህርት ስትወጣ ከጓደኛዋ ቤት ሄዳ በእጇ ትገለብጣለች፤ ጣቷ በቀለም ጠቁሮ ትመጣለች። ወንድሟ "በእኔ ስልክ ላምጣልሽ?" ሲላት "አልተገዘትህም፣ ተዝናናበት" አለችው።

ተከራዬ በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ደጄ ላይ መጥታ "ልጅዎ አለች?" አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ "ታጠናለች" ብዬ መለስኋት። ከዚያ ቀረች። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ ካየችኝ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። እኔም በልቤ "መሸፈኛ ሆና እንደነበር አውቃ ነው የምታፍረኝ" አልሁ። በልጄ ላይ የፈረድሁት ትክክል እንደሆነ ማስረጃ አድርጌ ያዝሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ ስልኬ ጠራች። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሣሁት።

"ሃሎ፣ እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? እኔ..."

ያ ድምፅ ነው። ከበሩ ጀርባ የሰማሁት፣ ፀሐይን በአንቺ በኩል ወጣች የሚለው። የእሷ ሲዘጋበት ደፍሮ ወደ እኔ ዞረ አልሁ። አንድም ቃል ሳልተነፍስ ዘጋሁት። ደግሞ ጠራ፤ ዘጋሁት። ሦስተኛ ሲጠራ ጀርባዋን ከፍቼ ባትሪዋን ነቅዬ አወጣሁት። ማታ ስመልሰው ያን ቁጥር በወንድ ልጄ አስጠፋሁት። እጄ በርበሬ ነበረና ስልኬ አሁንም ድረስ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች።

ኅዳር በገባ በሰባተኛው ቀን ማለዳ ተከራዬን ምጥ ያዛት። እኔና ልጄ ግራና ቀኝ ደግፈን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። እኩለ ቀን ሳይሞላ ወለደች። ሴት ናት። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል፤ ሦስቱን እልል ብለን ወደ ቤት አመጣናት።

በማግሥቱ አጥሚት ይዤላት ገባሁ። ሕፃኗን ታቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይቆጡኝ።"

"ምን ልጄ?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። "ያንን የባለጌ ንግግሩን በልጅዎ ስልክ እያስላክሁ ቤትዎን ደፈርሁ። ቃሉ እንዲያ ነው፣ ክፋት የለውም። ልጅዎን ያስገዘቱት በእኔ ምክንያት እንደሆነ ገብቶኛል። መጥቼ ይቅርታ ልልዎ ነበር፤ ፊትዎን ማየት አቃተኝ። እንዲያው እትዬ፣ ዳግመኛ አልጠይቅዎም፤ አንዴ ብቻ፣ ወለደች ይበሉልኝ። እዚያ ሆኖ ቀኑን እየቆጠረ ነው። ቁጥሩ ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።"

አጥሚቱን እጄ ላይ እንደያዝሁ ቀረሁ። ልጄ የነገረችኝ ቃል በቃል እውነት ነበር። ይህች ሴት ያላጠፋችውን ይቅርታ ትለምነኛለች። ያኔ ተንበርክኬ "እኔ ነኝ ያጠፋሁ" ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶም ነበር። ያልሁት ግን "እሺ ልጄ፣ እነግረዋለሁ፤ አታስቢ፣ ጠጪ" ነው።

ልጄ ግቢ ውስጥ የሕፃኗን ጨርቅ ታጥባለች።

"ነይ ክፈቺውና ወለደች በይው" አልኋት፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ለማስመሰል ድምፄን ቀለል አድርጌ።

"ተገዝቻለሁ" አለችኝ። "አንቱ ነዎት ያስገዘቱኝ።"

"ታዲያ ምልክቱን ለወንድምሽ አሳዪው።"

"ለእሱ አላሳይም። እዚያ ውስጥ ያለው የሰው ሚስት አደራ ነው። አባን ያምጧቸውና ይፍቱኝ፤ ወዲያው እነግረዋለሁ።"

አባ ለኅዳር ሚካኤል ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ድብ ባሕር ሄደው ነበር። "ሲመለሱ" አልኋት። እስከዚህ ድረስ እንኳ ሰበብ አለኝ። ሚካኤል በዋለ በማግሥቱ ግን ተመለሱ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጥላቸውን ይዘው ሲያልፉ በዓይኔ አየኋቸው፤ ዞር ብዬ በሌላ መንገድ ሄድሁ። እሳቸውን መጥራት ማለት፣ በልጄ ፊት ቆሜ "ሐሰት መስክሬባት ነበር" ማለት ነው። ነገ እጠራቸዋለሁ አልሁ። የነቢያት ጾም ገባ። ከሰንበት በኋላ አልሁ።

አራሷ በየቀኑ አጥሚት ስሰጣት ቀና ብላ "ነገሩት እትዬ?" ትለኛለች።

"ኔትወርክ የለም ልጄ።"

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አልኋት። በጾም፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጠበል በጠጣ አፌ። ያ ሁሉ ሲሆን የሳጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ፣ ከማተቤ ጋራ ታስሮ ነበር።

ኅዳር ሃያ ጧት ነው። ሰሌን ዘርግቼ በርበሬ አሰጣለሁ። ከውጭ በር በኩል አዋቂ ወንድ ሲያለቅስ ሰማሁ። ሰው መቼም የተራ እንባና የሙት ልቅሶ ይለያል፤ ይህ የሙት ልቅሶ ነው። በሩ ተከፈተና የተከራዬ ባል ገባ። ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ደረቱን እየደቃ "እመቤቴ! ብቻዬን ተውሽኝ! አፈሩን ሳላለብስሽ!" ይላል። ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እየሳበ ወጣ። አንዳንዶቹ ማን እንደሞተ እንኳ ሳያውቁ ማልቀስ ጀምረው ነበር።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው ዘመዱ ሲሞትበት ይደበቃል፤ ሽማግሌዎች ሄደው ወይ ቤቱ ሲመጣ ጠብቀው ይነግሩታል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ ስልክ አያነሣም፤ ቢያነሣም ድምፁ እንዳያሳብቅበት ይዘጋል። ሚስቱ በመውለጃዋ ወር ላይ ናት፤ የላከው ድምፅ አይሰማም፣ መልስ የለም፤ አከራይቱ ድምፁን ስትሰማ ትዘጋበታለች። ከዚህ በላይ ምን መርዶ አለ? አጨዳውን ከመሐል ጥሎ፣ በመንገድ ፀጉሩን ተላጭቶ ሚስቱን ሊያለቅስ መጣ።

አራሷ ከውስጥ የባሏን ድምፅ ለየችው። "ምነው! ማን ሞተብኝ? እናቴ ናት?" ብላ እሷም ጮኸች። እሱ እሷን ያለቅሳል፤ እሷ እናቷን ታለቅሳለች።

ልጄ ናት የቀደመች። ሮጣ ገባችና ሕፃኗን በጨርቅ ይዛ ወጣች። ክርስትና ያልተነሣች አራስ ልጅ ፀሐይ ላይ፣ ሰው መሐል! ሌላ ቀን ቢሆን "ምች!" ብዬ የምጮህ እኔ ነበርሁ። አልጮህሁም።

"አያ፣ አልሞተችም" አለችው። "ይቺ ልጅህ ናት። እናቷ ውስጥ ናት።"

ሰውዬው ሕፃኗን አየ፣ ልጄን አየ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንዲት አሮጊት ጎረቤት "ታዲያ እኔን ለማን ነው ያስለቀስኸኝ?" ስትል ሰው ሁሉ በእንባው ላይ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ወደ እኔ ዞረ።

"ምነው እትዬ? ምነው ዝም አላችሁኝ? አርባ ጊዜ ልኬያለሁ። የእርስዎን ቁጥር ቤቱን ስከራይ ነው የያዝሁት። ሦስት ጊዜ ደወልሁ፣ ሦስት ጊዜ ዘጉብኝ። ያኔ ነው ሞታለች ብዬ የቆረጥሁ።"

ሁሉም አየኝ። ልጄም አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር ያበቃልኝ ነበር፤ አልተናገረችም። እኔን በሰው ፊት አላዋረደችኝም። እኔ በአባ ፊት ያደረግሁባትን እሷ አላደረገችብኝም።

ወንድ ልጄን አባን ጥራ ብዬ ላክሁት። እሳቸው እስኪመጡ በጓሮ ዞርሁና መጀመሪያ ያየሁትን ድንጋይ አንሥቼ አንገቴ ላይ ጫንሁት። እናቴ እህቷን ስትበድል እንዲህ አድርጋ ገብታ አይቻለሁ። ጎንበስ ብዬ ወደ አራሷ ክፍል ገባሁ። አባም ከኋላዬ ገቡ።

"ኧረ እትዬ! ኧረ ያውርዱት!" አለች አራሷ ደንግጣ። "ኧረ እሷ ድንጋይ የበርሜሌ መደገፊያ..."

ሳትጨርስ ውጭ በርሜሉ ተገለበጠና ውኃው ደጃፉን አጥለቀለቀው። ባሏ ሳቁ አመለጠው። አባ እንኳ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን ድንጋዩን አላወረድሁም። ጎንብሼ፣ የሰው እግር ብቻ እያየሁ ሁሉንም ተናገርሁ፤ በበሩ የሰማሁትን፣ ሳልጠይቅ መቅረቴን፣ ባትሪውን መንቀሌን፣ አባ ተመልሰው ሳለ መሸሼን፣ ኔትወርክ የለም ያልሁትን።

"ኔትወርክ ነበር?" አለች አራሷ ቀስ ብላ።

"ነበር።"

"አሥራ አንዱንም ቀን?"

"አሥራ አንዱንም ቀን።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።  "ለእግዜር ብዬ ይቅር ብያለሁ፤ ያውርዱት" አለች በመጨረሻ። ለእግዜር አለች እንጂ ለእኔ አላለችም፤ ለይቼ ሰምቻታለሁ። ባሏ ድንጋዩን ከአንገቴ ተቀበለኝ።

አባ ልጄን ጠሩ። "ይህስ የእኔም ነው" አሉ። "አንዲት ቃል ሳልጠይቅሽ ገዘትሁሽ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።" መስቀሉን ተሳለመች።

ሳጥኑን ከፈትሁት። ስልኩ ሞቶ ነበር፤ መብራት ላይ ሰክተን ከበን ጠበቅነው። ሲነሣ እንደ በረዶ ያለማቋረጥ ቲን፣ ቲን አለ። ልጄ አራሷ አጠገብ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀመረች።

"ኧረ ዝጉት!" አለ ባልየው፤ የራሱን ድምፅ በአባ ፊት ሲሰማ ጆሮው ቀላ። ስልኩ ግን ቀጠለ፤ "ሸጋዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ውኃ አትሸከሚ ብያለሁ..."

"ይሰማ!" አለች ሚስቱ። ድምፅዋ እንዲያ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። "ለእኔ የተላከ ነው፤ አንድም አይቀር።"

አንድም አልቀረም። መጀመሪያ ይቀልዳል። ቀጥሎ ምነው ዘገያችሁ ይላል። ከዚያ ይቆጣል፣ ከዚያ ይለምናል። የመጨረሻው የተላከው ለልጄ ነበር። "እህቴ፣ ሞታ ከሆነ አትደብቂኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም ይላሉ፤ እኔ ፈቅጃለሁ፣ ንገሪኝ። እናትሽ ስልኩን ዘጉብኝ። አልቀየምኋቸውም፤ ደግ ሴት ናቸው፣ መናገር አቅቷቸው ነው።"

ክፍሉ ውስጥ ማንም አላየኝም። ሆን ብለው ነው ያላዩኝ። ድንጋዩ አንገቴ ላይ ሳለ ይቀለኝ ነበር።

ባልየው ወደ መተማ አልተመለሰም፤ አጨዳው አልፎበታል። እዚሁ ከተማ ውስጥ የቀን ሥራ ይዟል፤ ጧት ሲወጣ ስልኩን ለሚስቱ ትቶላት ነው። ልጄ አስተምራታለች፤ ፊደል ባታውቅም የትኛውን ተጭና እንደምትናገር ታውቃለች። እኔን እትዬ ትለኛለች፤ አጥሚት ስሰጣት ትቀበለኛለች። ነገር ግን ምንም አትጠይቀኝም።

ስልኩ በተፈታ በማግሥቱ፣ ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሳለ ወንድ ልጄ በአጠገባችን ስልኩን እያየ እየሳቀ አለፈ።

"ና እስቲ፣ ስልክህን አምጣ" አልሁት።

"ምነው እማ? እኔ ምን አደረግሁ?"

"እሷስ ምን አድርጋ ነበር?"

አንገቱን ደፋ። እጄን ዘርግቼ ቆምሁ፤ ስልኩን ሊሰጠኝ ሲል ልጄ ተናገረች።

"ተዪው እማ" አለች። "የእኔ ስለተመለሰ የእሱ አይወሰድ።"

አንቱ ማለት ከጀመረች አርባ ቀን ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው "ተዪው" ስትለኝ የሰማሁ። እጄን ሰበሰብሁ። አጠገቧ ዱካው ላይ ተቀመጥሁ። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ ቃሉ አልወጣ አለኝ፤ ለአራሷ በድንጋይ ያልሁትን ለልጄ በባዶ አንገቴ ማለት አቃተኝ።

እሷ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ከዚያ በፊት እኔ አጠገቧ ካለሁ ወደ ጎን አዘንብላ ነበር የምትከፍተው። ያን ቀን ግን በሁለታችን መሐል፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ጣቷን አነሣችና ምልክቱን መሣል ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ማየት ከፈለግሁ እንዳይ።

ፊቴን ወደ በርበሬው አዞርሁ።